አዳራሹ ይከራይ፤ እልፍኙ ይከበር

ከአንድ የደብረ ወርቅ ልጅ

የነገሥታት ቤት ለሠርግ፣ ለስብሰባ፣ ለምረቃ ድግስና ለሙዚቃ ምሽት በገንዘብ ይከራይ ወይስ አይከራይ? በዚህ ጉዳይ በማደሪያ ቤታችን ብዙ ክርክር ተደርጓል። አንዱ ወገን «ታሪክ አይከራይም፤ አባቶቻችን የነገሡበትን ቤት ለነጋዴና ለሙሽራ ማከራየት መቃብር እንደ ማከራየት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ተዘግቶ የሚቀመጥ ቤት ለማን ይጠቅማል? ጣሪያው ሲያፈስ ታሪክ ተነሥቶ ቆርቆሮ አይገዛለትም» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱንም ወገን በጥሞና አዳምጫለሁ። በበኩሌ ሁለቱም ግማሽ እውነት እንደ ያዙ አምናለሁ፤ ዳሩ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ዘለዋል። የዘለሉትም ቤተ መንግሥት አንድ ቤት አለመሆኑን ነው። በአገራችን ልማድ ቤተ መንግሥት አዳራሽ አለው፤ እልፍኝ አለው፤ ግቢ አለው። አዳራሹ የሚበላበትና የሚጠጣበት፣ እልፍኙ ጌታው ከቅርብ ሰዎቹ ጋር የሚውልበትና የሚያድርበት፣ ግቢው ባለ ጉዳይ ቆሞ ደጅ የሚጠናበት ነው። እንግዲህ ክርክሩ «ይከራይ ወይስ አይከራይ» ከሚለው ወጥቶ «የትኛው ክፍል፣ ለምን ጉዳይ፣ በማን ፈቃድ፣ ገንዘቡስ የት ይገባል» ወደሚለው ካልተሻገረ በቀር ስንጮህ ውለን ስንጮህ ብናድር ፍሬ የለውም።

ነገሩ የሩቅ ሰው ነገርም አይደለም። በስድስት ኪሎ የምንማር ተማሪዎችና የሚያስተምሩን መምህራን በቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ እንውላለን። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጥቶ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ፣ በዚህ ግቢ የተማረ ሁሉ ኪራይ የማይከፍል የቤተ መንግሥት ተከራይ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስለ ቤተ መንግሥት ኪራይ አስተያየት ለመስጠት ከእኛ የቀረበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ «አይከራይም» የሚሉትን ወንድሞቼንና እኅቶቼን ልጠይቅ። ቤተ መንግሥትና ድግስ ከመቼ ወዲህ ነው ጠላት የሆኑት? ዳግማዊ ምኒልክ ከዐድዋ ድል በኋላ በአዲስ አበባው ግቢ ያሠሩት ትልቁ አዳራሽ የግብር አዳራሽ ነበር። በዚያ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራው እየገባ በልቶ ይወጣ ነበር። በጎንደርም ቢሆን፣ ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዳዊት በፋሲል ግቢ ውስጥ ለዜማና ለጨዋታ የሚሆን ቤት ለብቻው አሠርተዋል። አፄ ፋሲል ካሠሩት ግንብ አጠገብ የመዝናኛ ቤት ቆሟል ማለት ነው። ያ ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ የዘፈኑም ቤት አብሮ ተመዝግቧል። እንግዲህ ከበሮ የተመታበት ቤት ሁሉ የረከሰ ነው ካልን አስቀድመን የምንወቅሰው ያሠሩትን ነገሥታት ይሆናል።

ደግሞም ቤትን ከሰው ይልቅ የሚጎዳው መረሳት ነው። ሰው የማይገባበት ቤት የሚያፈሰው ጣሪያ አይታይም፤ ምስጡ አይታይም፤ የተበላው የኤሌክትሪክ ሽቦ አይታይም። በሪዮ ዲ ጃኔይሮ ከተማ የብራዚል ንጉሠ ነገሥታት ይኖሩበት የነበረው ቤት በኋላ ብሔራዊ ሙዚየም ሆኖ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. በአንድ ሌሊት ተቃጠለ። በውስጡ ከነበሩት 20 ሚሊዮን ያህል ቅርሶች ብዙዎቹ ጠፉ። መርማሪዎቹ እሳቱ የተነሣው ከአንድ የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ ነው ብለዋል። ከዚያ በፊት ግን ሙዚየሙ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አጥቶ ለብዙ ዓመት ሲያለቅስ ኖሯል። ያን ቤት ዘፋኝና ሙሽራ አላቃጠሉትም፤ ያቃጠለው ድህነትና ቸልተኝነት ነው። ይህን እያየን «አይነካ፤ አይከፈት» ማለት ቤቱን ማክበር መስሎን ቤቱን መግደል ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ «ይከራይ፤ ገንዘብ ያምጣ» ወደሚሉት ልመለስ። የድሮ ቤት ዛሬ እንደሚሠራው የሆቴል አዳራሽ አይደለም። ግንቡ በኖራና በጭቃ የተያያዘ፣ ወለሉና ጣሪያው ብዙ ዘመን የቆየ እንጨት ነው። ድምፅ ማጉያው ሲያንቀጠቅጠው ልስኑ ይረግፋል። አምስት መቶ ሰው አንድ ሌሊት የተነፈሰው እርጥበትና ላብ በግድግዳው ላይ ያርፋል፤ ሥዕል ካለም ቀለሙን ያነሣዋል። ለጌጥ ብሎ የመጣው ሰው ሚስማር ይመታል። ድንኳን ተካዩ ካስማውን የሚቸነክረው ከሥሩ ምን እንዳለ ሳያውቅ ነው። ወጥ ሠሪዎቹ ምድጃቸውን ከጥንት በር አጠገብ ይጥዳሉ። ከዚህ ሁሉ አንዱም በክፋት አይደረግም፤ ሁሉም ግን ቤቱን ይበላዋል። የአንድ ሌሊት ኪራይ ተቀብሎ የአሥር ዓመት ጥገና መክፈል «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ነው።

ከገንዘቡም ጋር ሌላ ፈተና ይመጣል። በፈረንሳይ አገር የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ለታላላቅ ግብዣዎች ይከራያል። በ2016 እ.ኤ.አ. የሬኖ ኩባንያ አለቃ የነበሩት ካርሎስ ጎን በቬርሳይ ግቢ ባለው በግራንድ ትሪያኖን የሠርግ ግብዣ አደረጉ። የቤቱ ኪራይ 50,000 ዩሮ ያህል የሚገመት ሲሆን፣ ኩባንያው ለቤተ መንግሥቱ ጥገና ይሰጥ ከነበረው እርዳታ ጋር ተያይዞ ሳይከፈል ቀረ። በ2019 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ራሱ ነገሩን ለዐቃቤ ሕግ አስታወቀ፤ ጠበቃቸውም ጌታዬ ዕዳ እንዳለባቸው አላወቁም፤ ይከፍላሉ አሉ። የማን ጥፋት እንደሆነ መፍረድ የእኔ ፈንታ አይደለም። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። የኪራይ ደንቡ በአደባባይ ካልተጻፈ ቤተ መንግሥት ለባለ ጊዜ የወዳጅነት ስጦታ ይሆናል። በሠለጠነውና ብዙ ተቈጣጣሪ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ በእኛ ዘንድ ደብተሩ ባይገለጥ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ የለንደንን ግንብና የሃምፕተን ኮርትን ቤተ መንግሥት የሚጠብቅ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። ከመንግሥት በጀት አይቀበልም፤ የሚኖረው ከጎብኚ በሚያገኘው፣ ከግብዣ ኪራይና ከእርዳታ ነው። በደኅና ዘመን ይህ የሚያስቀና ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ወረርሽኝ በሩን ባስዘጋ ጊዜ ግን ገቢው ተቋርጦ ሠራተኞቹን እስከ መቀነስ ደረሰ። ስለዚህ ኪራይ ለቤቱ ድጎማ ይሁን እንጂ ብቸኛ እንጀራው አይሁን። መንግሥትም «ቤቱ ራሱን ያስተዳድራል» ብሎ እጁን የሚያጥብበት ምክንያት እንዳይሆን ያስፈልጋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በዘመናችን ይህን ነገር በሰፊው ያስነሣው «ገበታ ለሸገር» የተባለው እራት ነው። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት አዳራሽ የተደረገው ይህ ግብዣ የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ገንዘቡም የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ ለማልማት እንዲውል ነው የተባለው። ከጥቂት ወራት በኋላ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ግቢው «አንድነት ፓርክ» ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ቀድሞ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይባል የነበረው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆኖ በሩን ከፈተ።

ይህን እንዴት እንመዝነው? በሚዛኑ በአንድ በኩል ብዙ መልካም ነገር አለ። ለብዙ ዘመን ተራ ሰው በአጥሩ ሥር ቀስ ብሎ ለማለፍ እንኳ ይፈራው የነበረ ግቢ ተከፈተ፤ ያረጁት ቤቶች ታደሱ፤ አዳራሹም ለተሠራበት ጉዳይ፣ ማለት ለግብር፣ ዋለ። በሌላው በኩል ግን የድሮው ግብርና የአሁኑ ገበታ የሚለያዩበት ትልቅ ነገር አለ። በምኒልክ አዳራሽ መኳንንቱ ቀድመው ቢበሉም ከእነርሱ በኋላ ጭፍራው፣ ከጭፍራው በኋላ ድኻው ተራው ይደርሰው ነበር። ይህ እኩልነት ነው አልልም፤ ድኻው የሚበላው ራሱ የገበረውን ማርና ሰንጋ ነበርና። ነገር ግን ድኻው ተራ ነበረው። በ5 ሚሊዮን ብር መቀመጫ ላይ ግን ተራ የለም። ለአንድ ጊዜ፣ ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ሲደረግ ልንቀበለው እንችላለን። ልማድ ሆኖ የነገሥታት አዳራሽ የባለ ሚሊዮኖች ብቻ ከሆነ ግን ቤተ መንግሥቱ ከአንድ ጌታ ወደ ሌላ ጌታ ተላለፈ እንጂ ወደ ሕዝብ አልመጣም።

ታዲያ መለኪያው ምን ይሁን? እኔ መለኪያውን ያገኘሁት ከውጭ አገር መጽሐፍ ሳይሆን ካደግሁበት አገር ልማድ ነው። በደብረ ወርቅ ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሣላት የሚነገርላት የእመቤታችን ሥዕል እንዳለች በአካባቢው ሁሉ ይታመናል፤ በበዓል ቀንም ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይመጣል። በጎጃም ያሉትን ክብ አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ውስጣቸው በሦስት የተከፈለ መሆኑን ያውቃል፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ይባላሉ። በቅኔ ማኅሌቱ ደብተራው ይዘምራል፤ ከበሮ ይመታል፤ ጸናጽል ይንሿሿል። በቅድስቱ የሚቈርብ ይቆማል። መቅደሱ ግን ለካህን ብቻ ነው። ዝክሩና ጠላው ደግሞ በደጀ ሰላም ነው። ከበሮው በቅኔ ማኅሌት በመመታቱ መቅደሱ ረከሰ ያለ ሰው የለም፤ መቅደሱም ስለ ተከበረ ሕዝቡ ከደጀ ሰላም አልተባረረም። ሁሉም በየቦታው ሆኖ ቤቱ አንድ ነው። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ ይህን አሳምሮ ያውቃል። እኛ የተማርነው ለቤተ መንግሥት ይህን ያህል እንኳ ሥርዐት ማውጣት ያቅተናልን?

በዚህ መለኪያ የገዛ ግቢያችንን እንየው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ግቢ ለድኾች ምጽዋት ለመስጠት ሕዝብ ሰብስቦ ሳለ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት። ፋሽስቶቹም ለሦስት ቀን ከተማውን በደም አጠቡት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደግሞ መፈንቅለ መንግሥቱ በከሸፈ ጊዜ፣ በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ታግተው ከነበሩት ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ ብዙ ሰዎች በጥይት ተገደሉ። በኋላ በዚያው ቤት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ገብቶበት፣ ቤተ መዘክር ተደራጅቶበት፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ሳይቀር ለጎብኚ ሲታይ ኖሯል።

አሁን አንድ ባለ ሀብት መጥቶ «በዚህ ሳሎን የኩባንያዬን ዓመታዊ የዳንስ ምሽት ላድርግ፤ የፈለጋችሁትን ልክፈል» ቢል ምን እንመልስለታለን? እኔ ብሆን «ጌታዬ፣ በሜዳው ላይ ድንኳን ይትከሉ፤ ወንበር እንሰጥዎታለን፤ ሳሎኑ ግን እልፍኝ ነው» እለዋለሁ። ሰው የሞተበትና ብራና የተቀመጠበት ክፍል በምንም ዋጋ አይከራይም። ተማሪው ጉባኤ የሚያደርግበት፣ መምህራን ጽሑፍ የሚያነቡበት፣ የሚመረቀውም ልጅ ከእናቱ ጋር ፎቶግራፍ የሚነሣበት ደጅ ግን ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ከመሐል ከተማ ርቀው ያሉት ቤቶች ናቸው። የአዲስ አበባውና የጎንደሩ ተመልካች አላቸው። በደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት አለ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው የተቀቡ፣ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ቈስለው የተማረኩ፣ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከጎጃም ጦር ጋር የተሰለፉ፣ በ1893 ዓ.ም. ያረፉ ሰው ናቸው። መንቆረር ይባል የነበረው ከተማ ደብረ ማርቆስ የተባለው እርሳቸው ባሠሩት በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሊያን የተባረረ ጊዜም ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። ይህን ያህል ታሪክ የተሸከመ ከተማ ስለ ቤተ መንግሥቱ አጠባበቅ የራሱ ደንብ ሊኖረው ይገባል። ነገ ቱሪዝም ሲስፋፋና የአዳራሽ ፈላጊው ሲበዛ፣ ደንቡ አስቀድሞ ካልተጻፈ ቤቱ በመጀመሪያው ባለ ገንዘብ እጅ ይወድቃል።

ደግሞ ያ ቤት የማን ነው? እንጨቱን ከጫካ የጎተተው፣ ድንጋዩን የተሸከመው፣ ቅቤና ማሩን የገበረው የጎጃም ገበሬ ነው። ይኸው ገበሬ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ «ርስቴን ሊያሳጣኝ ነው» ብሎ ጠመንጃውን አንሥቶ መንግሥትን አስጨንቋል። ገበሬው ገንዘብ መስጠት የማይወድ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለደብሩ አሥራት ያወጣል፤ ለማኅበሩ ይደግሳል። የማይወደው ገብቶ የት እንደ ደረሰ የማይታወቀውን ገንዘብ ነው። ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ ኪራይ ሲሰበሰብ ያ ገበሬ ለገበያ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ «ይህን ያህል ተቀበልን፤ በዚህ ጣሪያ አደስን» የሚል ጽሑፍ ማንበብ፣ ማንበብ ባይችል ልጁን ማስነበብ ይገባዋል። የልጁ ሠርግ ሲደርስም ግቢው ለእርሱ ተራ ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ ነቀፋ ብቻ እንዳይሆን በእኔ አስተያየት ሊደነገጉ የሚገባቸውን በአጭሩ ላቅርብ።

አንደኛ፦ እያንዳንዱ ታሪካዊ ቤተ መንግሥት በባለሙያ ተጠንቶ አዳራሹ፣ እልፍኙና ግቢው በጽሑፍና በካርታ ይለይ። ቅርስ የተቀመጠበት፣ ሥዕል ያለበትና ሰው የተሠዋበት ክፍል ከኪራይ ለዘለዓለም ይውጣ።

ሁለተኛ፦ በሚከራየው አዳራሽ የሰው ቊጥር፣ የድምፅ ልክና የመዝጊያ ሰዓት ይወሰን። እሳት፣ ሚስማርና ምድጃ ወደ ውስጥ አይግቡ። ተከራዩ ከኪራዩ በላይ መያዣ ያስይዝ፤ ጉዳት ቢደርስ ከዚያ ይቈረጥ። አዋጅ ቊጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት፣ እድሳትም ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይደረግ ደንግጓልና የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በደንቡ አወጣጥ ይግባበት።

ሦስተኛ፦ ከኪራይ የተገኘ ገንዘብ አስቀድሞ ለዚያው ቤት ጥገና ይዋል። የተረፈውን ሌላ ሥራ ላይ ማዋል የሚቻለው ጣሪያው ማፍሰሱን ሲያቆም ነው። ሒሳቡም በየዓመቱ በሩ ላይ ይለጠፍ።

አራተኛ፦ ዋጋው ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ለባለሥልጣንና ለወዳጅ በነፃ የሚሰጥበት በር ይዘጋ። በነፃ የሚሰጥ ካለ ለትምህርት ቤት፣ ለዕድርና ለአገር ሽማግሌዎች ጉባኤ ይሁን።

አምስተኛ፦ በዓመቱ ውስጥ የታወቁ ቀኖች ተለይተው ግቢው ያለ ክፍያ ለሕዝብ ይከፈት። በሌሎቹም ቀኖች ኪራይ መኖሩ ተራውን ጎብኚ ከበር አያስመልስ።

ይህ ሁሉ ለመንግሥት ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። የሕንፃ ሥራ ተማሪ በዕረፍት ወራት ወደ አውራጃው ሲሄድ ሜትር ይዞ አንድ አሮጌ ቤት ቢለካ፣ የታሪክ ተማሪ ከአዛውንቶች የትኛው ክፍል ለምን ይውል እንደ ነበር ጠይቆ ቢጽፍ፣ የሕግ ተማሪ የኪራይ ውል ረቂቅ ቢያዘጋጅ፣ መምህራኖቻችንም ሥራችንን ቢያርሙልን፣ በአንድ ክረምት ብዙ እንሠራ ነበር። ጠይቀን ልንጽፍላቸው የሚገቡት አዛውንቶች ደግሞ ቤቶቹ እስኪታደሱ አይቆዩም። የማኅበራችን አመራር ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ እንዲያስገባው በአክብሮት እጠይቃለሁ። የማይስማማኝም ቢኖር በዚሁ ገጽ ይመልስልኝ። እኔ የምፈራው ተቃውሞን ሳይሆን፣ ስንከራከር የአንዱ ቤት ቊልፍ በማናውቀው ሰው ኪስ ገብቶ እንዳይገኝ ነው።